ጠማማውን ስፌት ላቃና ኩዌት ሄጄ

ማክሰኞ

ኩዌት የቆየሁት አምስት ቀን ነው። ጎረቤቶቼ ግን አምስት ዓመት የኖርኩ ያህል ይጠይቁኛል፤ ለእያንዳንዱ ከማስረዳት ብዬ ጻፍኩት። ወርቅ አላመጣሁም። ግመል አላየሁም። "የነዳጅ ጉድጓድ አሳዩሽ ወይ?" ያለኝ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ባለቤትም ከዚሁ ይረዳ፤ ያየሁት ጉድጓድ በገዛ እጄ የቆፈርኩትን ብቻ ነው።

ልብስ ጠላፊ ነኝ። ጉለሌ ባለችኝ ጠባብ ሱቅ የሐበሻ ቀሚስ ስጠልፍ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታናሽ እህቴን መቅደስን ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ማስተማር ከተባለ። መርፌ ይዛ ታወራለች፣ እያወራች ትስታለች። በእኛ ቤት ደግሞ ስህተት በአፍ አይነገርም፤ ይተረተራል። ትልቁ የትንሹን ሥራ አንስቶ የተበላሸውን ይፈታል፣ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፣ ባለበት ይመልሰዋል። ትንሹ ሲያገኘው ያፍራል፣ አለቀ። የመቅደስን ሥራ እንዲህ ስፈታ ስሰፋ ኖሬ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቤት ሠራተኛ ሆና ኩዌት ስትሄድ ጣቶቼ አረፉ ብል አይፈረድብኝም። ልቤ ግን አላረፈም።

አምና አንዲት ሙሽራ ሱቄ መጥታ ስልኳን አወጣችና "እንደዚህ አድርጊልኝ" አለችኝ። አየሁት። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ፣ እየወጣ እየወረደ፣ ሰክሮ ቤቱን እንደሚፈልግ ሰው የሚሄድ መስመር ነው።

"ምነው፣ ሕፃን ነው እንዴ የሰፋው?" አልኳት።

"የኩዌት ጥልፍ እኮ ነው እትዬ የሺ። መቅደስ የምትባል ልጅ ናት የጀመረችው።"

የኔዋ መቅደስ መሆኗ ነው። ከሷ በኋላ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያም ሌላዋ። ለሁሉም "ጠማማ አልሰፋም" ብዬ መለስኳቸው፤ ጎረቤቴ ያለው ጠላፊ ተቀበላቸው። ስለዚህ መቅደስ ደውላ "እታለም፣ ጁምዓ ሥራችን በአደባባይ ሊሰቀል ነው፣ ማዳሞቹ ሁሉ ይመጣሉ፣ ነይልኝ" ስትለኝ፣ አሁን የምትሠራበት የፀጉር ሳሎን ባለቤት ባስወጣችልኝ የጉብኝት ቪዛ ተነሳሁ። እህቴን ልስማትም፣ ልቆጣትም ነው የሄድኩት።

ቦሌ ላይ መቀሴን ወሰዱብኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችውን መቀስ ሽብርተኛ አደረጓት። መርፌዎቼን ግን ማንም አላያቸውም። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ከዕረፍት የምትመለስ ልጅ ቀበቶዬን አሰረችልኝ፣ ፎርሜን ሞላችልኝ፣ የራሷን ምግብ ግማሽም ሰጠችኝ። እናቷ መስያት ይሁን ወይም የተራብኩ መስያት አልጠየቅኳትም።

የበረሃ አገር ነው ብዬ የያዝኩት ሁሉ ስስ ልብስ ነው። የጥር መጨረሻ ነበር። ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። መቅደስ አቅፋኝ አልቅሳ ሳትጨርስ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችኝ።

"ኩዌት ይበርዳል ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።"

መንገዱ ስፋቱ ሌላ ነው፤ የሚሄድበት እግረኛ ግን የለም። እኛ ጋ እግረኛው ሞልቶ መንገድ የለም። ሁለቱን አገሮች ቁጭ አድርጎ የሚያካፍል ሽማግሌ ጠፋ። ያረፍነው ሳልዋ ነው፣ ባሕሩ አጠገብ፤ መቅደስ ከአንድ ቪላ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል። አልጋውን ለእኔ ለቃ መሬት ላይ አነጠፈች። ዶሮ በኩብዝ በላን። ኩብዝ የነሱ ቂጣ ነው፤ እንደኛ እንጀራ ወጡን አቅፎ አይይዝም፣ ነክቶት ብቻ ይመለሳል።

ረቡዕ

ጠዋት ሳሎን ይዛኝ ሄደች። የሰው ፀጉር ስትሠራ ጀርባዋ ቀጥ፣ እጇ ቀልጣፋ ነው። እዚህ እንዲህ የምትሠራ ልጅ እኔ ጋ ምን ነክቷት ነበር? ደንበኛዋን እየጨረሰች የጥልፉን ነገር አጫወተችኝ።

መጀመሪያ አራት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ነው የሠራችው። ለቤት ሠራተኛ ዩኒፎርም ይሰጣታል፤ ሱሪና ረዘም ያለ ሸሚዝ፣ አንገቱ ነጭ። ጁምዓ የዕረፍት ቀን ነው። የኛ ሴቶች በዚያን ቀን ዩኒፎርሙን ወርውረው፣ ተኳኩለው፣ ሂል አድርገው ሲወጡ ማን ሠራተኛ ማን ማዳም እንደሆነ አትለይም። መቅደስና አራት ጓደኞቿ ግን አንድ ጁምዓ፣ ሐበሾች በተከራዩት የበዓል አዳራሽ፣ በዩኒፎርማቸው መጡ። ራሳቸው በክር ጠልፈውት። የአዘጋጅ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ በር ላይ አቆመቻቸው።

"ገረድነታችንን ልታውጁብን ነው?" አለቻቸው።

አላስገባቻቸውም። እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጠው ሽሯቸውን በሉ። ሽሮ የሆነው ጁምዓ ስለሆነ ነው፤ የኩዌት ሐበሻ የሚያርፈው ዓርብ ብቻ ስለሆነ፣ ድግሱ ከዓመት ዓመት የጾም ነው።

"ለምን ግን ዩኒፎርም?" አልኳት። "ቀሚስ አጥተሽ ነው?"

"ልብሱን ማዳም ገዛችው። መስመሩን ግን እኔ ሰፋሁት። ስለዚህ የኔ ነው። የራሴን ልብስ ነው የለበስኩት።"

ያን ጊዜ በስልክ የተሳቀባቸው ሳቅ አይነሳ። "የዩኒፎርም ወይዛዝርት" ተባሉ። ከዚያ ሌሎች ሴቶችም መጥለፍ ጀመሩ፣ ከዚያ የማዳሞቹ ልጆች አይተው "ምንድነው ይሄ?" አሉ። አሁንማ ከሰዓት በፊት ያስገባችኝ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ፣ መስተዋት ኋላ ቆማ አንዲት የፕላስቲክ ሴትዮ ረጅም የቤት ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ ያ የሰከረ መስመር ይንገዳገዳል። ዋጋውን መቅደስ በብር ስትነግረኝ ሁለቴ አስደገምኳት። ሠራተኞቹ ጁምዓ ማዳም ለመምሰል ይለብሳሉ፣ ማዳሞቹ በአዘቦት ሠራተኛ ለመምሰል ይገዛሉ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባሉ ይሆን?

ያቺ በር ላይ ያስቆመቻቸው ሰብሳቢስ? የጁምዓውን ሪባን የምትቆርጠው እሷ ናት።

ምሳ ባያን የሚባል ሰፈር ተጠርተን ነበር። የመቅደስ ጓደኛ ዝናሽ እዚያ በአንድ ቪላ ተቀጥራ ታድራለች። የማዳሟ እናት፣ ሐጃ እያሉ የሚጠሯቸው አሮጊት፣ የመቅደስ እህት መጣች ሲባሉ "ታምጣት" ብለው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲዬ ቀዳዳ አውራ ጣቴን አስወጥቶ ቁልጭ አለ። ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬ አገር አቋርጬ መጥቼ! ሐጃ አዩና ሳቁ፤ ዝናሽ ከሳቸው ቁም ሳጥን ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንድታመጣልኝ አደረጉ። እስካሁን እግሬ ላይ ነው።

ከዚያ ማችቡስ ቀረበ፤ ትልቅ ትሪ ሙሉ ሩዝ፣ አናቱ ላይ ሁለት ሙሉ ዶሮ። ረቡዕ ነው። ዶሮዎቹን አየሁ፣ ዶሮዎቹም አዩኝ። ሐጃ ሥጋውን በእጃቸው እየቆረጡ ፊቴ ይከምራሉ፣ እኔ ደግሞ ሩዙን ከዳር ከዳር አንጓልላለሁ። በመጨረሻ መቅደስ "ጾመኛ ናት" አለቻቸው። ሐጃ ትሪውን እራሳቸው ገፉት። ቴምርና የምስር ሾርባ አስመጡ፤ እስክጨርስም ዶሮውን እሳቸውም አልነኩትም። "ነገ አይጾምም አይደል?" ብለው በመቅደስ በኩል አስጠየቁኝ። አይጾምም። "ነገ እልክልሻለሁ።"

ሐሙስ

ሐሙስ ለሳሎን የሥራ ቀን ነው። መቅደስ በጠዋት ስትወጣ ለነገ የሚሰቀለውን ዩኒፎርም ከቁም ሳጥን አውጥታ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ አልጋው ላይ ዘረጋችው። "ዋናው ሥራ ይሄ ነው። መሃል አዳራሹ ላይ ነው የሚሰቀለው" ብላኝ ሄደች።

ሽፋኑን ገለጥኩ። ሰማያዊው ከመታጠብ ብዛት የነጣ፤ ከአንገት እስከ ጫፍ ሃያ ሦስት መስመር ነጭ ክር። አንዱ ተልፈስፍሷል፣ አንዱ ተጨማዷል፣ አንዱ እጅጌው ግማሽ ደርሶ ቀርቷል፣ ጫፉ እንኳ አልተቋጠረም። የሰው እጅ በየመስመሩ እንደሚለያይ ማየት ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ይሄ አይጠፋውም። እኔ ግን "መቅደስ ናት፣ ስሜቷ ቀን በቀን ይቀያየራል" ብዬ አለፍኩት።

ነገ ማዳሞች ይመጣሉ። እህቴ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ልትቆም ነው። ፋሽን ነው፣ ወረት ነው ይበሉ፤ እኔ ሳየው ያስተማርኩት ሰው ሥራ ነውና አሳፈረኝ። ቀጥ ብሎ ሲያዩት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያምር አውቃለሁ። መቀስ የለኝም፣ የሳሎኗን ምላጭ ወሰድኩ። መጀመሪያ የፈታሁት ያንን ግማሹን ነው፤ ያላለቀ ሥራ አልወድም። ቋጠሮ ስለሌለው አንዴ ስስበው ሳይበጠስ ሙሉ ክሩ መጣልኝ። ከዚያ ሌላውን። እየዘፈንኩ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አሥራ አንድ መስመር ፈታሁ። የቀረኝ ውሃ ረጭቼ መተኮስ፣ ጨርቁ ሲተኛ በቀጥታ መስፋት ነው። ካውያውን ሰካሁ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ዝናሽ ናት፤ ሐጃ የላኩትን ማችቡስ በድስት ይዛ፣ ሹፌሩ ውጭ ይጠብቃታል። "ምሳዎን አመጣሁልዎ" እያለች ገባችና ዩኒፎርሙን አየችው። ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

"እትዬ የሺ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እያቃናሁላት።"

ደረቱ ላይ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችው። "ይሄ የኔ ነበር" አለች።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ይሄ ዩኒፎርም የመቅደስ ብቻ አይደለም። ከቤት ወደ ቤት፣ ከሱቅ በሚመጣ የዳቦ ከረጢት ሥር ተደብቆ ሃያ ሦስት ሴቶች ጋ ደርሷል። ሕጉ አንድ ነው። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲነሳ መስፋት ትጀምሪያለሽ፣ ሲቆም ታቆሚያለሽ። አንድ መስመር አንድ እጥበት ነው። ሳሙና በነካው እጅ፣ አንድ ጆሮ ወደ በሩ ጥለሽ ስትሰፊ ቀጥ ይላል ወይ? አይልም።

"እኛስ ነገ መጥተን እንደገና እንሰፋዋለን" አለች። "የሄዱት ግን አሉ። ወይንሸትም አለች።"

"ወይንሸት የቷ ናት?"

"እጅጌው ላይ። ግማሽ የሆነችው።"

ወይንሸት ከዝናሽ በፊት ሐጃ ቤት የነበረችው ናት። ታማ ሆስፒታል ገብታ፣ ከዚያው አልወጣችም። ዝናሽ ወይንሸት የነካችው ነገር በዚያ ቤት አንድም እንደሌለ፣ የቀረው ይሄ እጅጌ ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጥፋተኛ ሲያለቅስ አያምርም፣ ቢሆንም አለቀስኩ።

አፍንጫዬን እየጠረግሁ እጅጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። መርፌ የወጋው ጨርቅ ቀዳዳውን ቶሎ አይረሳም። ካልረጠበና ካልተተኮሰ በስተቀር። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ወይንሸት የሄደችበት ሁሉ። ዘልዬ ካውያውን ነቀልኩ። ግሎ ነበር። የሐጃ ምሳ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሁሉም ተደፍኖ ነበር። ክሮቹን ከቆሻሻ ቅርጫት ለቀምን፤ አብዛኛው ተቆራርጧል፣ የወይንሸት ግን ሙሉ ነው። ከሩዝ ጆንያ አፍ የተመዘዘ ጥጥ ነበር።

መቅደስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገባች። ዩኒፎርሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቆመች።

"እታለም፣ አሁንም ትተረትሪኛለሽ?"

ይቅርታ አልኳት። በእኛ ቤት ይሄም በአፍ ተብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ቃሉ ሲወጣኝ አስቸገረኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ታጠበች። ፎጣው ላይ ብዙ ቆየች።

"ቀዳዳው አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"ሳታቃኚ ቀዳዳውን መከተል ትችያለሽ?"

"እችላለሁ" አልኩ። መቻሌን ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ማችቡሱን አሞቀችና በላን። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ማለት በዚያ ሰዓት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ።

ጁምዓ

ቅዳሜ ተመለስኩ፣ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ፤ የቅዳሜው ወሬ ይሄው ነው። ጁምዓን ልጨርስ።

ትርኢቱ ራይ የሚባል ሰፈር ነበር። ራይ እንደኛ መርካቶ መጋዘን በመጋዘን ነው፣ ልዩነቱ ማንም የማይገፋሽ መሆኑ ነው። የሳሎኑ ባለቤት ወንድም የምንጣፍ መጋዘኑን ለቆላቸዋል። በጠዋት ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንዳደረጉ መጡ። የተፈታባቸው ስድስቱ ተራ በተራ ተቀምጠው መስመራቸውን እንደገና ሰፉ። አንዷም አልተቆጣችኝም። ዝናሽ ብቻ የራሷን ስትሰፋ "እትዬ የሺ፣ አሁንስ ጠመመልዎ?" አለችኝ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ሲመጣልኝ ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

የቀሩት አምስቱ የኔ ዕዳ ናቸው። አራቱ አገር የገቡ ሴቶች መስመር ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። እጄ ግን ቀጥ ማለት ይፈልጋል፣ ከቀዳዳው እያመለጠ ወደ ለመደው ይሄዳል። እንደ እልኸኛ በሬ እየመለስኩ አስገባሁት። ከሁለተኛው በኋላ ሴቶቹን ማወቅ ጀመርኩ። አንዷ ስትጀምር ሰፊ ነው ጊዜዋ፣ ማሽኑ ሊቆም ሲል ስፌቷ ይረዝማል፣ ይሮጣል። ሌላዋ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ወግታለች፤ ሰው ገብቶባት ደንግጣ ይሆናል።

የወይንሸትን መጨረሻ ላይ አደረግሁት፣ በራሷ ክር። ቀዳዳዎቿ ደቃቅና እኩል ናቸው። ሳሙናና ጥድፊያ ባይኖር ይቺ ልጅ ከኔ ትበልጥ ነበር፤ ይሄን ለማንም ብዬ አላውቅም። እጅጌው ግማሽ ላይ ቀዳዳው አለቀ። መርፌዬ ላይ ግን ክር ተርፏል፣ እጅጌው ላይ ያልተሰፋውም ስንዝር አይሞላም። መቅደስ ከኋላዬ ቆማለች። "ተይው" አላለችኝም፣ መርፌዬን ታያለች። እጄ ሦስት ጊዜ ሊቀጥል ተነሳ። መርፌውን አወጣሁና ክሩን ሳልቋጥር እንደተንጠለጠለ ተውኩት። መቅደስ ዩኒፎርሙን ከጭኔ ላይ አንስታ ወስዳ ሰቀለችው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሞላ። ሰብሳቢዋ ሪባኑን ቆርጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጎናቸው እንደነበረች ተናገረች። መቅደስ ከልቧ አጨበጨበችላት፤ ከኔ ያልተማረችው ትዕግሥት ነው። የማዳሞቹ ልጆች ያን የገበያውን ውድ ቀሚስ ለብሰው መጥተው ከዩኒፎርሙ ጎን ፎቶ ተነሱ። አንዷ ቀረብ ብላ አየችና የራሷን ደረት አየች። ከዚያ ፎቶ መነሳቱን ተወችው።

ሐጃ አሥር ሰዓት ላይ መጡ፣ ዝናሽ ወንበራቸውን እየገፋች። ዩኒፎርሙ ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ እጃቸው ይደርሳል። መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ፤ ዝናሽ የራሷን አሳየቻቸው፣ ጉንጯን መታ መታ አደረጓት። እጅጌው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ። ጠላፊዋ እኔ ስለሆንኩ የኔ ሥራ መሰላቸው።

"ይሄን ሳትጨርሺ ለምን ተውሽው?" መቅደስ ተረጎመችልኝ።

"የኔ አይደለም" አልኩ። "የወይንሸት ነው።"

ስሟን ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እጅጌውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ መቅደስን አንድ ነገር ጠየቋት። ዩኒፎርሙን ከወይንሸት እጅ የተቀበለችው መቅደስ ወለሉን እያየች በአረብኛ፣ በቀስታ መለሰችላቸው። ዝናሽ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

"'ሥራ ጀምራ የምትተው ልጅ አልነበረችም፣ ለምን ተወችው?' አሏት" አለችኝ።

"መቅደስስ ምን አለች?"

"'እርስዎ ጠርተዋት ነው' አለቻቸው።"

ሐጃ የተንጠለጠለውን ክር በሁለት ጣታቸው ያዙ። አንዲት አጭር ነገር አሉ፣ ትንሽ ቆይተውም ያንኑ ደገሙት። ዝናሽ አልተረጎመችልኝም። መቅደስ ናት የነገረችኝ።

"'ምን ፈልጌ ነበር የጠራኋት?' ነው የሚሉት።"

ማናችንም አናውቅም ነበር። እሳቸውም ሊያስታውሱት አልቻሉም። ዝናሽ ወንበሩን ልትገፋ ስትል በግራ እጃቸው ከለከሏት፤ በቀኝ እጃቸው ክሩን እንደያዙ ነበር።